በሰባትና በስምንት መካከል

ታፔላ ጻፊው የዚያን ቀን ጠዋት ወደ ባለ ቁልፉ ቤት ሲገባ አፍንጫውን በመሐረብ ያዘ። ባለ ቁልፉ የሚሉት አከራዩን ነው፤ የኪራይ ክፍሎቹን ቁልፍ ሁሉ ወገቡ ላይ አንጠልጥሎ እያንቀጫቀጨ ስለሚዞር።

ቤቱ ሲሠራ ዐሥር ክፍልና አንድ ሽንት ቤት ነበረው። ክፍሎቹ እንደ ጥንቸል ተራብተዋል፤ ሽንት ቤቱ ግን ያው አንድ ነው። የኮሪደሩ ግድግዳ በእጅ ወዝ ጠቁሯል። መታጠቢያው ቀዳዳ ላይ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ፀጉር ተጠቅልሎ ውሃውን አቁሮታል። የአንዱ የተቃጠለ ዘይት ሽታ ከሌላው ካልሲ ጋር ተቀላቅሎ ጉሮሮ ላይ ይለጠፋል።

የበሮቹን ቁጥር ሁሉ የጻፈው ታፔላ ጻፊው ነው። የስምንትን ሆድ ሞልቶ፣ የሰባትን ወገብ አቅንቶ መጻፍ ይወድ ነበር። ለእሱ ቁጥር ማለት አንድ በርና ከበሩ ኋላ እግሩን ዘርግቶ የሚተኛ ሰው ነበር።

ነገሩን ያበላሸው የባለ ቁልፉ አማች ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ልጆች የሚወዱት የሒሳብ መምህር ነው። ግን አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ኋላ እያፈረ ለታፔላ ጻፊው እንደነገረው፣ አንድ ቀን እራት ላይ ባለ ቁልፉ አራት ቁጥርን ለሁለት ከፍሎ ለአዲሱ በር ቁጥር አጥቶ ተጨንቆ ነበር። የቀጣዮቹ በሮች ቁጥር በመብራት ቆጣሪ ስለተመዘገበ አይነካም።

«አባባ፣ ይሄ ምን ያስጨንቃል?» አለ መምህሩ። «አራት ተኩል ይበሉት። በሁለት ቁጥሮች መካከል ሁልጊዜ ሌላ ቁጥር አለ።»

«በአራትና በአራት ተኩል መካከልስ?»

«እዚያም አለ። በነሱ መካከልም እንደገና አለ። ማለቂያ የለውም።»

ባለ ቁልፉ ማንኪያውን አስቀመጠ። «በጠቅላላው ስንት ይሆናሉ?»

«ስንት ተብሎ አይጨረስማ!»

«እኔ ሞኙ ዐሥር ብቻ ናቸው ብዬ ተቀምጬ!»

መምህሩ ቀልድ መስሎት ሳቀ። በሳምንቱ ስስ ጣውላ በጋሪ ተጭኖ መጣ።

ከዚያ ወዲህ ታፔላ ጻፊው አራት ተኩልን ጻፈ፤ አራት ከሩብን ጻፈ፤ ሥራ ነው እያለ ምራቁን እየዋጠ ጻፈ። ዛሬ ግን ተራው የሰባት ቁጥር ነው፤ ሰባት ደግሞ የአክስቱ ክፍል ነው። እናቱ ከሞተች ወዲህ ያሳደገችው እሷ ናት፤ መስኮቷ ሥር ተቀምጣ የሰው ልብስ እየጠገነች ትኖራለች።

«ና ጌታው!» አለው ባለ ቁልፉ። «ሰባት ተኩል ብለህ ጣፍልኝ። ተከራዩ ቆሞ እየጠበቀ ነው።» ተከራዩ ሻንጣውን ያቀፈ የዳቦ ቤት ሠራተኛ ነበር።

ታፔላ ጻፊው መጀመሪያ የአክስቱን በር ገፋ። ገርበብ ብሎ የነበረው በር አልጋውን መትቶ ቆመ። ክፍሉ ከአልጋው አጥሮ የአልጋው እግር ወደ ኮሪደሩ ወጥቷል። አክስቱ ጨለማው ውስጥ ተኮራምታ መርፌዋን በዳበሳ ታሾልካለች።

«አክስቴ፣ መስኮትሽስ?»

«ለጎረቤት ደረሰዋ! ሌሊት እግሬን ኮሪደር አሳድራለሁ። የሚረግጠኝ ሁሉ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ምን የመሰሉ ጨዋዎች ናቸው መሰለህ!»

እሱ ወደ ባለ ቁልፉ ዞሮ ብሩሹን ወደ ኪሱ መለሰ።

«አልጽፍም ጋሼ።»

«ቀለም አለቀብህ?»

«ቀለምማ አለ። ይሄ ግን ክፍል አይደለም፤ የመጥረጊያ ማስቀመጫ ነው።»

«ቁጥር ሲጻፍበት ክፍል ይሆናል። ዛሬ ደግሞ ምን ነካህ? አራት ከሩብን ማን ጻፈው? እኔ ነኝ?»

አፉ ውስጥ የዛገ ብረት የላሰ ያህል መረረው። እውነት ነው። ክፍል ላይ ቁጥር የሚጽፍ ይመስለው ነበር፤ ለካ ጉድጓዱን ሁሉ ክፍል ያደረገው የእሱ ብሩሽ ነው።

የዳቦ ቤቱ ሠራተኛ ዐይኑን ሰብሮ ተጠጋ። «ይቅርታ ወንድሜ፣ ዛሬ አድራሻ ካልሰጠሁ ከዳቦ ቤቱ ያባርሩኛል» አለና ከሰል አንስቶ እዚያው አዲሱ በር ላይ ሞነጫጨረ። ሰባቱ ጎብጧል፤ ተኩሉ የተረገጠ ትል ይመስላል። ቢሆንም ማንም ቢያየው ሰባት ተኩል ነው።

«ይኸው!» አለ ባለ ቁልፉ። «ያንተ ብሩሽ ለጌጥ ኖሯል።»

ታፔላ ጻፊው ወደ አክስቱ ዞረ። «ተነሺ፣ እኛ ቤት ነው የምትሄጂው።»

«ሚስትህና ልጆችህ ባሉባት አንዲት ክፍል የት ልታደርገኝ?»

«አይጠፋም፤ በምድጃውና በግድግዳው መካከል ትንሽ...»

የገዛ ቤቱን በባለ ቁልፉ ዐይን ሲሸነሽን ራሱን ያዘው። ወደ ደጅ ወጥቶ ተፋና ተመለሰ።

«አይ፤ ቁም ሳጥኑ ይሸጣል። መስኮቱ ሥር ነው የምትተኚው።»

«የሚስትህን ቁም ሳጥን? ትጮህብሃለች!»

«ትጩህ።»

አክስቱ መርፌዋን ደረቷ ላይ ሰክታ ተነሣች። አልጋውን በአንድ በኩል እሱ፣ በሌላው በኩል የዳቦ ቤቱ ሠራተኛ ይዘው በጎን አጋድመው አወጡት። ገና ኮሪደሩን ሳይጨርሱ፣ ባለ ቁልፉ ባዶው ሰባት ቁጥር ውስጥ ገብቶ ሜትሩን ሲዘረጋ ሰሙት።