ወንድሜ የሞተበት ድንኳን

ታላቅ ወንድሜ ቶኩዞ ከሰል አክሳይ ነበር። ግትር ሰው ነው፤ አንዴ እንቢ ካለ በሬ ጠምደህም አትጎትተውም። ኪኑን ያገባትም አባታችን ዓይንህን ላፈር እያለው ነው። አሜሪካኖችን ሊዋጋ ወደ ኒው ጊኒ ሲዘምት ልጃቸው ሳቺ ጥርስ አላበቀለችም። እኔን ታናሹን በእግሬ ሽባነት መለሱኝ።

የሆነውን ኋላ ራሱ ነው የነገረኝ። ወባ ጥሎት ወንዝ ዳር እንደተዘረረ አሜሪካኖች ማረኩት። ድንኳን ውስጥ ነቅቶ መገደሉን ሲጠብቅ አንድ የአሜሪካ ጦር ሃምሳ አለቃ ሩዝ ይዞ ገባ። መልኩ የእኛው ነው፤ አነጋገሩም የሂሮሺማ ገበሬ። ኦሺታ ይባላል፤ ወላጆቹ ሃዋይ ሸንኮራ ሊቆርጡ ሄደው የቀሩ ናቸው።

«ብላ እንጂ፣ መርዝ መሰለህ? ለአንተ የሚባክን መርዝ የለንም» አለው።

«ስሜን አገር ቤት ትልካላችሁ?»

«እንዴታ! ሚስትህ በሕይወት መኖርህን ትወቅ እንጂ።»

«እንግዲያው ግደለኝ።»

እብደት ይመስላል። እኛ ዘንድ ግን የተማረከ ወታደር የሚባል የለም፤ ወይ ያሸነፈ ነው ወይ የሞተ። የምርኮኛን እናት ጎረቤት ፊቱን ያዞርባታል፤ ልጁንም የሚያገባት አይገኝም። አለቆቻችን «እንዳትማረኩ» አሉ እንጂ፣ የተማረከ ምን መናገር እንደሌለበት ለማንም አላስተማሩም።

ኦሺታ ካርታ ዘረጋ። «መድፎቻችሁ የት እንዳሉ አሳየኝ፤ እኔም በስምህ ፋንታ ያልከኝን ሌላ ስም እጽፍልሃለሁ። ግን አስብበት አንተ ሰው፣ አልቅሰው ይቀብሩሃል!»

«ይቅበሩኝ» አለና ጣቱን ካርታው ላይ አሳረፈ።

በማግስቱ አውሮፕላኖች ወደዚያ በረሩ። መድፎቹን የሚጠብቁት የአውራጃችን ልጆች ነበሩ። ስማቸውን አንድ በአንድ ሲጠራልኝ ጆሮዬን መድፈን አማረኝ።

ለእኛ የመጣው የሟች አጥንት የሚላክበት ነጭ ሣጥን ነው። አጥንቱ ስላልተገኘ ውስጡ ድንጋይ አስቀምጠዋል። እናቴ ታቅፋው ከረመች። ከዓመት በኋላ ግን «የሞተ ተጎዳ፤ ይህ ቤት ወንድ ይፈልጋል» ብላ ኪኑን ለእኔ ዳረቻት። በአገራችን ያለ ነው፤ ማንም አልተገረመም። እውነቱን ልናገር? ደስ ብሎኝ ነበር። ኪኑን ከድሮም እወዳት ነበር።

ጦርነቱ ባለቀ በዓመቱ፣ እናቴና ኪኑ ገበያ በወረዱበት ቀን፣ ከሰል ከማከስልበት ቦታ አንድ ከሲታ ሰው ብቅ አለ። ቀረብ ብዬ ሳየው ቶኩዞ ነው። ግንድ ላይ ተቀምጦ ይህን ሁሉ ነገረኝ። እኔም የራሴን መናገር ነበረብኝ።

«ጋሼ፣ ኪኑ... አሁን የእኔ ሚስት ናት። ነፍሰ ጡር ናት።»

«አንተን አላማህም። ቅበሩኝ ያልኩ እኔ ነኝ» አለ። ቀጥሎ ግን ድምፁ ተሰበረ፤ «እማዬን ብቻ አይቻት ብሄድስ?»

ይህን እንዳለ ሳቺ እየሮጠች መጥታ እግሬን አቀፈች።

«አባዬ፣ ሰውየው ማነው?»

ወንድሜ ቀና ብሎ አየኝ። እንደዚያ ለምኖ የሚያይ ዓይን ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚጠብቀው።

«መንገደኛ ነው» አልኳት።

ተነሣ። ለልጁ እንደ እንግዳ ሰው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና ቁልቁለቱን ወረደ። ድካም ስለነበረበት በጣም ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። ብጠራው ይሰማኝ ነበር። አልጠራሁትም።