ጋሼ ተፈራ እጃቸውን የሰቀሉ ዕለት

የአሜሪካን ከተማ ሰላማዊና በወግ የሚተዳደር የሚያደርገው ምንድን ነው? ከተማ አስተዳደር መማር ከጀመርኩ ወዲህ ይህ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣም። ለማስተርስ እዚያ ተቀባይነት አግኝቼ ልሂድ ወይስ ልቅር እያልኩ ሳለ፣ የአባቴ ጓደኛ ጋሼ ተፈራ ከአሜሪካ እኛ እስከምንኖርባት አውስትራሊያ፣ ሜልቦርን ድረስ ሊጠይቁን መጡ። ካርልተን በሚባለው ሰፈር በእግር ስንሄድ እንደምንም ደፍሬ ይህንኑ ጠየቅኳቸው።

«የእኛ ከተማ ሰላም ነው» አሉ ኮራ ብለው። «ከንቲባው ጎበዝ፣ ፖሊሱ ፈጣን። ምን ያስፈራሻል?»

ከኋላችን የሩጫ ኮቴ ተሰማ። ጋሼ ዘወር ሳይሉ ሁለት እጃቸውን ሰቀሉ። ለስፖርት የሚሮጥ አንድ ወጣት ሰላምታ መስሎት እጁን እያውለበለበ አለፈ።

«ሌባ መስሎዎት ነው ወይስ ፖሊስ?» አልኳቸው።

«ለመለየት መዞር ያስፈልጋል፣ የኔ ልጅ። እኛ ከተማ ደግሞ አይዞርም።»

ማስተርሴን እዚሁ ለመማር ወሰንኩ።