የኅዳር ጭስና የባለቤቴ ፍራሽ

ባለቤቴ ያረፈው በክረምት ነው፤ ሳንባው ደክሞ፣ ትንፋሽ አጥሮት። አርባውም አለፈ። ሰው ሁሉ ከጎኔ አልተለየም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አልቅሺ፣ ይወጣልሻል ይሉኝ ነበር። እሺ እላለሁ። የሚወጣ ነገር ግን አልነበረም።

የተኛበት የስፖንጅ ፍራሽ ጓዳ ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ነበር። ስገባ ስወጣ አየዋለሁ። በሽተኛ የተኛበት ስለሆነ ለሰው መስጠት ከበደኝ። ኅዳር ሚካኤልን መጠበቅ ጀመርኩ።

በከተማችን በኅዳር ሚካኤል ቀን እያንዳንዱ ቤት ግቢውን ጠርጎ ቆሻሻውን ደጁ ላይ ያቃጥላል። ኅዳር ሲታጠን እንለዋለን። ድሮ ወረርሽኝ ገብቶ ሕዝብ ባለቀ ጊዜ የመጣ ነው፣ ጭሱ በሽታ ያባርራል ይላሉ ሽማግሌዎች። እኛም ቀራንዮ ሰፈር ከገባን ጀምሮ አስታጉለን አናውቅም። ዘንድሮ ፍራሹን አቃጥዬ በሽታውን ከቤቴ ላስወጣ አሰብኩ።

አንዲት ልጅ አለችኝ፣ አምላኬ ተመስገን። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ እየፈለገች ነው። ስለ አየር ንብረት ለውጥ ከሚንቀሳቀሱ ወጣቶች ጋር ትውላለች። ወንዝ ዳር ችግኝ ይተክላሉ፤ ጦር ኃይሎች አደባባይ ታክሲ ለሚጠብቀው ሰው ወረቀት ያድላሉ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ምንጣፍ ላይ እግሯን አጣጥፋ፣ ዓይኗን ጨፍና ትቀመጣለች። ሜዲቴሽን ነው ትለኛለች። መጀመሪያ ደስ አላለኝም። እኔ ወደ ምሥራቅ ዞሬ ዳዊቴን ስደግም እሷ ከኋላዬ ዝም ብላ ትተነፍሳለች። ምን እያልሽ ነው የምትጸልዪው ብዬ ጠየቅኳት። ምንም እንደማትል፣ ትንፋሿን ብቻ እንደምታዳምጥ ነገረችኝ። ከዚያ ወዲህ ተውኳት። አባቷ ከሞተ በኋላ የኔም ዳዊት አፌ ላይ ብቻ ነበርና ልፈርድባት አልቻልኩም።

ከበዓሉ በፊት ቤት ለቤት እየዞረች ፕላስቲክና ስፖንጅ እንዳይቃጠል መለመን ጀመረች። አንዳንዱ እሺ ብሎ ሸኛት፣ አንዳንዱ ሳቀባት። የእድራችን ዳኛ፣ ፊት ለፊታችን የሚኖሩት ሽማግሌ፣ መንገድ ላይ አገኙኝ።

«ዘንድሮ ኅዳርን ልጅሽ ስትፈቅድልን ነው የምናጥነው?» አሉኝ።

«ልጅ አይደለች እንዴ፣ ይታገሷት» አልኳቸው።

«እኔማ ታግሻለሁ። እሷ ናት የፋብሪካውን ጭስ ትታ የኔን የበቆሎ ቆረቆንዳ የያዘችው።»

ሳቅኩ። እውነታቸውን ነው ብዬም አሰብኩ። ፋብሪካው፣ መኪናው፣ የውጭ አገሩ ሁሉ እየጨሰ የኔ አንድ ፍራሽ ምን ይጨምራል?

በበዓሉ ዕለት ከቅዳሴ ተመልሼ ግቢዬን ጠረግኩ። ቅጠሉንና ወረቀቱን ደጃፍ ላይ ከመርኩት፤ ፍራሹን ጎትቼ ከላዩ ጣልኩት። ሰፈሩ ቀድሞኝ መጨስ ጀምሯል። ክብሪቱን ይዤ ሳለ ልጄ ወጣች። ትከራከረኛለች ብዬ ተዘጋጀሁ፤ የዝናቡንም የሙቀቱንም ነገር ደጋግማ ነግራኛለች። አልተከራከረችም። ሄዳ ፍራሹ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«ተነሺ ልጄ» አልኳት።

«እማዬ፣ አባዬ በዚህ ቀን የት ነበር የሚሆነው?»

የት እንደሚሆን አውቃለሁ። እኛ ደጅ እሳት ስናነድ እሱ መኝታ ቤት ገብቶ፣ መስኮቱ ሥር እርጥብ ፎጣ ወትፎ ይቀመጥ ነበር። ሳይታመምም እንደዚያ ነበር። አታቃጥሉ ብሎን ግን አያውቅም።

«የሚተነፍሰው አጥቶ ነው የሞተው» አለች ቀስ ብላ። «በሱ ፍራሽ ሌላ ሰው አይታፈን።»

እንባ ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ። አልመጣም። ልጄ የዓለሙን ጭስ አስቁሚ አላለችኝም፤ እጄ ላይ ያለውን ክብሪት ብቻ ነበር የምታየው። ክብሪቱን ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጠርኩት።

የእድሩ ዳኛ ከማዶ ተጣሩ። «እሳት ቸገራችሁ እንዴ? ፍም ልላክላችሁ?»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ዘንድሮ ይቅርብን» አልኳቸው።

ወደ ራሳቸው ክምር ዞሩ። ትንሽ ቆይቶ የሳቸው ጭስ መጥቶ ሁላችንንም ሸፈነን። ልጄ ነጠላዬን አፍንጫዋ ላይ አደረገች።

ቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ቢወስዱትስ ብዬ ጠየቅኳት። የከተማው ቆሻሻ መጣያ ላይም መጨሱ እንደማይቀር ነገረችኝ። ስለዚህ መልሰን አስገባነው። ጨርቁን አጠብን፤ ስፖንጁን ፀሐይ ላይ አሰጣነው። በሌላ ቀን በወጥ ቤት ቢላ ቆራረጠችው። አንዱን ለራሷ መቀመጫ አደረገች፤ ሌሎቹን አብረዋት ሜዲቴሽን ለሚቀመጡት ጓደኞቿ ወሰደች። አንዱን ደግሞ ምንም ሳትለኝ ዳዊት ከምደግምበት ቦታ አኖረችልኝ።

የነቢያት ጾም ገባ። ስሰግድ ጉልበቴን እሱ ላይ አሳርፋለሁ። ድሮ ሲሚንቶው ያመኝ ነበር። ከኋላዬ ልጄ ስትተነፍስ እሰማታለሁ። እስካሁን አላለቀስኩም። ጉልበቴን ግን አያመኝም። ተመስገን።