ከመላጣው መጨረሻ የወረደው

ኮረብታው በካርታ ላይ ቁጥር ብቻ ነበረው። እኛ «መላጣው» እንለው ነበር፤ ከድንጋይና ከደረቀ ሣር በቀር ምንም አይታይበትም። የወጣንበት በድንበሩ ጦርነት ጊዜ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። የተሰጠን ትእዛዝ አጭር ነበር፤ «ያዙት፤ ልቀቁ እስክትባሉ አትልቀቁት።»

እኔ ነስሩ እባላለሁ። ተወልጄ ያደግሁት ጎፋ ሰፈር ነው። አሁን ለቡ መብራት ኃይል አካባቢ የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ሱቅ አለኝ። አምፖል ሊገዙ የሚመጡ የሰፈር ወጣቶች እያነከስኩ ስራመድ ሲያዩኝ «ጋሼ፣ እርስዎ ስንት ሰው ገደሉ?» ይሉኛል። የምንተኩሰው ወደ ሩቅ ነበር፤ ማን ማንን እንደመታ ማን ያውቃል? በደንብ የማውቀው ሌላ ነገር ስለሆነ እሱን እነግራቸዋለሁ።

መቷችንን፣ ማለትም የነበርንበትን የወታደር ክፍል፣ የሚመራው መቶ አለቃ ይመር የሚባል የወሎ ሰው ነበር። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሲያዝ እንኳ ድምፁን ከፍ የማያደርግ። ምሽግ ስንቆፍር አካፋ ይዞ ከእኛ ጋር ይቆፍራል፤ ውሃ ሲታደል መጨረሻ ላይ ይጠጣል። ከአጠገባችን ያለውን ጓድ፣ ከመቷችን አንዱን ትንሽ ቡድን፣ የሚመራው ግርማ ነበር። ግርማና እኔ የአንድ ሰፈር ልጆች ነን። ጎፋ አብረን ኳስ ስንጫወት አድገን፣ በአንድ ቀን ተመዝግበን፣ በአንድ መኪና ተጭነን ነው የዘመትነው። እናቱ ስትሸኘን የሁለታችንንም ራስ ይዛ «አንተ እሱን፣ እሱ አንተን» ብላን ነበር።

አንድ ማለዳ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣ መድፍ ጀመረ። መጀመሪያ ከኋላችን ወደቀ። ቀጥሎ ከፊታችን። ሦስተኛው የት እንደሚወድቅ ሁላችንም አወቅን። ምሽጋችን ውስጥ ተጣበቅን። የሬዲዮ ሠራተኛው ተክሌ መሣሪያውን አቅፎ በሆዱ ተኝቶ ነበር። አቧራው ሲረግብ ተክሌም የለም፣ ሬዲዮውም የለም። ከዚያ በኋላ ከኋላችን ካለው አዛዥ ጋር የሚያገናኘን ነገር አልነበረም።

ፀሐይ ስትወጣ እግረኛው መጣ። መለስነው። እንደገና መጣ። በግራችን ያለውን ኮረብታ የያዘው ወገን ሲተኩስ ቆይቶ ዝም አለ። ጥቂት ቆይቶ ጥይት ከግራ ይመጣብን ጀመር። ኮረብታው ተይዟል ማለት ነው። ብሬን የምንለውን መትረየስ የያዘው አለሙ አፈሙዙን ወደዚያ አዞረ።

ረፋዱ ላይ ሞርታር አጠገቤ ፈነዳ። ግራ ጭኔ ላይ የሞቀ ነገር ተሰማኝ፤ ሕመሙ ቆይቶ ነው የመጣው። ቀና ስል የግርማ ጓድ ምሽግ ባዶ ሆኗል። ሰዎቹ ቁልቁል ሲሮጡ ጀርባቸው ይታየኛል። ከሁሉም ፊት የሚሮጠው ግርማ ነበር። ትእዛዝ ገና አልተሰጠም። እሱ እኔን አላየኝም።

ይመርም አያቸው። አልጮኸም፤ አልተኮሰባቸውም። ግራና ቀኙን ተመለከተ። ጥይታችን ተመናምኗል፤ በግራ በኩል ሊከቡን ነው።

«ቁስለኛ አንሡ» አለ። «ወደ ሸለቆው ውረዱ። እኔና አለሙ እንይዝላችኋለን።»

ቁስለኛ የሚያነሳ ሰው ግን እየጠፋ ነበር። ቶሎሳ የሚባል የአርሲ ልጅ ብብቴ ሥር ገብቶ ብቻውን ሊጎትተኝ ይታገላል። በዚህ መሀል ግርማ ከቁልቁለቱ ተመልሶ፣ ሁለት ሰዎች አስከትሎ፣ እያለከለከ ወጣ። «ነስሩ የታለ? ነስሩን ያያችሁ?» ይላል። ጥይቱ እንደ በረዶ እየወረደ ነው። ሸራ አነጠፉልኝ፤ አራቱ አራቱን ጫፍ ያዙ።

ጭንቅላቴ ወደ ቁልቁለቱ፣ እግሬ ወደ ኮረብታው ነበር። የተሸከሙኝ ሰዎች የሚረግጡትን ያያሉ። ወደ ኋላ የሚያይ እኔ ብቻ ነበርኩ። የአለሙ ብሬን ይሰማኛል። ድንገት ቆመ። እንደገና ሲጀምር አተኳኮሱ ተለውጧል፤ ጥይት የሚቆጥብ ሰው አተኳኮስ፣ አጭር አጭር። አለሙ ወድቆ ይመር ተክቶት ነበር። እኛ ሸለቆው ጋ ስንደርስ አንድ ሰው ብሬን ተሸክሞ፣ አንድ ክንዱን አንጠልጥሎ፣ ብቻውን ሲወርድ አየሁ። ከእሱ በኋላ ከመላጣው የወረደ የለም።

ከሰዓት በኋላ ሌላ ሻለቃ ጦር መላጣውን መልሶ ያዘው። ለማስመለስ ግን ብዙ ሰው አለቀ። ስለዚህ ተጠያቂ ተፈለገ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወታደር አዛዡን ተከትሎ ከሸሸ ጥፋቱ የአዛዡ ነው። ከአዛዡ ቀድሞ ከሸሸ የራሱ ነው፤ በዚያ ጊዜ ደግሞ ቅጣቱ ቀላል አልነበረም። በማግስቱ እኔ የሕክምና ድንኳን ውስጥ ተኝቼ ሳለሁ መቷችን ውስጥ አንድ ወሬ እየበሰለ ነበር፤ «ይመር ቀድሞ ወረደ፤ እኛ ተከተልነው።» ማን እንደጀመረው አላውቅም። እንዲህ ያለ ወሬ ባለቤት የለውም።

ግርማና ቶሎሳ ብስኩት ይዘውልኝ መጡ። ግርማ አጠገቤ ቁጢጥ አለ።

«ነገ ግምገማ አለ። አንተንም በቃሬዛ ይወስዱሃል» አለኝ። «ሁላችንም የምንለው አንድ ነው። ይመር ነው ቀድሞ የወረደው።»

«አልወረደም።»

«አውቃለሁ።»

«እና?»

«እሱ አንድ ሰው ነው፣ ነስሩ። እኛ ስንት ነን? ቤታችን የሚጠብቀን ሰው አለ።»

«እሱንስ የሚጠብቀው የለም?»

ግርማ የብስኩቱን ጥቅል ወደ እኔ ገፋ አደረገው። ቶሎሳ በዝግታ «እኔ ወደ ኋላ አላየሁም» አለ። «ማን ቀድሞ ማን ተከትሎ እንደወረደ አላውቅም። ግን ሁሉም አየሁ እያለ እኔ ብቻዬን አላየሁም ማለት ከበደኝ።»

ግርማ ሊሄድ ተነሣ። ድንኳኑ በር ላይ ቆም ብሎ «ተሸክሜሃለሁ» አለኝ። ብሎት ራሱ ያፈረበት መሰለኝ፤ ወዲያው አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

ያችን ቃል ስፈራት ነበር። እውነት ነውና። እነዚህ ሰዎች ባይሸከሙኝ ኖሮ ሬሳዬ መላጣው ላይ ይቀር ነበር። አዳሬን ነገሩን ሳገላብጥ፣ አንዴ ወደ እነሱ አንዴ ወደ ይመር ሳዘነብል ነጋ።

ግምገማ ማለት ለማያውቀው፣ ከውጊያ በኋላ ሠራዊቱ ክብ ሠርቶ ይቀመጥና ማን ምን እንዳደረገ፣ ማን ምን እንዳጠፋ እየተነሳ የሚናገርበት ስብሰባ ነው። የእኛ የተደረገው በደረቀ ወንዝ ዳር ነበር። ከበላይ የመጣ መኮንን መሀል ቆመ። ይመር እንደ እስረኛ ቀበቶው ተፈትቶ፣ ክንዱ በፋሻ ታስሮ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። የእኔን ቃሬዛ ከክቡ ጠርዝ አስቀመጡት።

አንድ በአንድ ተነሡ። የመጀመሪያው ልጅ ሲናገር ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሁለተኛው ያን ያህል አልተቸገረም። አምስተኛው ላይ ሲደርስ ነገሩ በእርግጥ የሆነ ያህል ጣፈጠ፤ ይመር በየት በኩል እንደሮጠ ሁሉ ይነገር ጀመር። ግርማ አጭር ተናገረ። ቶሎሳ ተነሥቶ «እነሱ እንዳሉት ነው» ብሎ ተቀመጠ።

መኮንኑ ወደ ይመር ዞረ። «የምትለው አለ?»

ይመር ቀና ብሎ ወደ ቃሬዛው ተመለከተ። «ያ ልጅ ቁስለኛ ነው» አለ። «ፀሐይ ላይ ባታቆዩት።»

ሌላ አልተናገረም። እኔ እስከዚያች ሰዓት ድረስ አልወሰንኩም ነበር። አፌ ውስጥ ሁለቱም መልስ ነበረ።

«አንተስ?» አለኝ መኮንኑ።

«መጨረሻ የወረደው እሱ ነው» አልኩ።



«እንዴት አየህ?»

«ተሸክመውኝ ሲወርዱ ፊቴ ወደ ኮረብታው ነበር። አለሙ ሲወድቅ ብሬኑን ተቀብሎ እኛ ሸለቆው እስክንደርስ ያዘልን። ከዚያ ብሬኑን ይዞ ወረደ።»

«ስለዚህ እነዚህ ሁሉ ዋሽተዋል። ቀድሞ የወረደው ማን ነው ታዲያ?»

ግርማ ያለበትን አቅጣጫ አላየሁም። «ስለ ይመር ጠየቁኝ፤ ስለ ይመር መለስኩ» አልኩ።

«ግማሹን ተናግረህ ግማሹን ልትውጥ ነው?»

ዝም አልኩ። ደጋግሞ ጠየቀኝ። በመጨረሻ ሰው ልኮ ብሬኑ የት እንዳለ አጣራ። ይመር ራሱ ያስረከበው ሆኖ ተገኘ። ቀድሞ የሸሸ ሰው አለሙ እስከ መጨረሻ ሲተኩስበት የነበረውን ብሬን ይዞ ሊወርድ አይችልም። ነገሩ በዚያው ተለወጠ።

ይመር በማዕረጉ ወደ ሌላ መቶ ተዛወረ። ሲሄድ ሊሰናበተኝ መጥቶ እግሬን እንዴት እንደሚያደርገኝ ጠየቀኝ፤ ስለ ግምገማው አላነሳም። መቷችን ግን ተበተነ። «እርስ በርሱ የማይተማመን መቶ አይዋጋም» ተብሎ ሰዉ ለማያውቃቸው ክፍሎች ተከፋፈለ። ግርማ ከጓድ መሪነቱ ወረደ። ሊሰናበቱኝ ከመጡት ውስጥ ከተሸከሙኝ አራት ሰዎች የነበረው ቶሎሳ ብቻ ነው። «የማውቀው ሰው የሌለበት ላኩኝ» አለኝ። ቅር ብሎት ነበር፤ እኔን ግን አልወቀሰኝም።

በሚቀጥለው ማጥቃት ቶሎሳ ሞተ። ይመርም ሞተ፤ መቶውን እየመራ።

እኔ ጭኔ ባለመዳኑ ተሰናብቼ ጎፋ ተመለስኩ። ግርማ ከዓመት በኋላ መጣ። ምን ብሎ እንዳወራ በቀጥታ አልሰማሁም፤ ያወራው ሲዞር ግን ደረሰኝ። ሻይ ቤት ስገባ ጨዋታ ይቋረጣል። «ተሸክመው ያዳኑትን ጓደኞቹን ያስበላ» ተባልኩ። ለጋብቻ የተነጋገርናቸው ቤተሰቦች «ትንሽ እናስብበት» ብለው በዚያው ቀሩ። የግርማ እናት መንገድ ላይ ስታየኝ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ትስባለች። ይቺ ከሁሉም በላይ አመመችኝ።

አባቴ ጎፋ ያለውን የራሱን ሱቅ ሲዘጋ አንድ ምሽት ጠየቀኝ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ማን ቀድሞ እንደሮጠም ጭምር።

«ይህን ለምን ለሰፈሩ አትናገርም?» አለኝ።

«ከተናገርኩ ግርማ እዚህ መኖር አይችልም።»

አባቴ ቁልፉን እያገላበጠ ቆየ። «እንግዲያው አንተ ነህ የማትችለው» አለ። «ሐቅ ጎረቤት ያሳጣል ልጄ። አላህ ሌላ ጎረቤት ይሰጥሃል።»

ከጎፋ ወጣሁ። ያኔ ከለቡ አጠገብ ያለው ላፍቶ ገና የእርሻ መሬት ነበር፤ አንድ ክፍል ተከራይቼ የኤሌክትሪክ ሥራ ጀመርኩ። ቤቶቹ እየበዙ ሲመጡ ሥራውም በዛ። ባለቤቴን ያገኘሁት እዚያ ነው፤ ልጆቼም እዚያ ተወለዱ። ክፉ ኑሮ አልኖርኩም። ግን የልጅነት ጓደኛ ሳይኖረኝ ነው ያረጀሁት። ጎፋ በታክሲ ሳልፍ እንኳ ፊቴን በሌላኛው መስኮት አደርግ ነበር።

ካቻምና አባቴ ሞተ። ለቅሶው ጎፋ ተደረገ። በሁለተኛው ቀን፣ ሰው ሲቀንስ፣ ግርማ ድንኳኑ ውስጥ ገባ። ሸብቷል፤ ወፍሯል። አጠገቤ ተቀመጠ።

«አባባ ባለፈው ክረምት ሱቁ ድረስ አስጠርተውኝ ነበር» አለ። «'ልጄ ያንን ሁሉ ዓመት የሸሸው ለአንተ ብሎ ነው' አሉኝ። ሌላ አልነገሩኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ቀድሜ የወረድኩት እኔ መሆኔን አይተህ ነበር?»

«አይቻለሁ።»

«ያኔ ግምገማው ላይም ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ለምን አላልክም?»

«እኔን ፍለጋ ተመልሰህ ወጥተሃላ» አልኩት።

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ከድንኳኑ ጥግ የነበሩ ሽማግሌዎች ስለ አባቴ የሚያለቅስ መስሏቸው «አይዞህ» አሉት። እስከ ሦስተኛው ቀን አልሄደም፤ ወንበር ሲያነሳ፣ ሰው ሲያስተናግድ ዋለ። ከዚያ ወዲህ ለቡ ይመጣል፤ ሱቁ ውስጥ እንቀመጣለን። በጎፋ እየዞረ የራሱን ነገር እንደተናገረ ሰምቻለሁ። እኔ አልጠየቅሁትም።

አንድ ቀን ሁለታችን ሆነን የሞቱብንን በስም ቆጠርን። መላጣው ላይ ሰባት ሰው ቀርቷል፤ ተክሌና አለሙ ከእነሱ ናቸው። መቷችን ከተበተነ በኋላ መሞታቸውን እርግጠኛ የሆንነው አሥራ አንድ ደረሱ፤ ይመርና ቶሎሳ እዚህ ውስጥ ናቸው። ስማቸው ትዝ አልል ያለን ሁለት አሉ፤ አንደኛው ሲስቅ ጥርሱ ፍንጭት ነበር።

መቶው ባይበተን ኖሮ ቶሎሳ ከሚያውቃቸው ሰዎች መሀል ይዋጋ ነበር፤ ምናልባት ይተርፍ ነበር። ይመር ደግሞ ፈሪ ተብሎ ይቀበር ነበር። ሁለቱን በአንድ ሚዛን ላይ ለማስቀመጥ ሞክሬ አውቃለሁ፤ አይሆንም። ያየሁትን ተጠየቅሁ፤ ያየሁትን ተናገርኩ። ዋጋውን የከፈልኩት ግን እኔ ብቻ አይደለሁም። ለሁሉም ዱዓ አደርጋለሁ። ስማቸውን ስጠራ ከቶሎሳ እጀምራለሁ።