አምስተኛውን ገቢር የጻፍሁት እኔ ነኝ

ይህን ነገር እስካለፈው ወር ድረስ ለማንም አልተናገርሁም። ለእናቴ አልነገርኋትም። የንስሐ አባቴ ዘንድ ቀርቤ ጾም መግደፌን ስዘረዝር እንኳ ይህችን ዘልያታለሁ። ለእርስዎ ለአንባቢዬ መናገር የቀለለኝ ምናልባት ፊትዎን ስለማላየው ይሆናል። እንግዲህ ይስሙኝ፤ ሲጨርሱ እንደ ወደዱ ይፍረዱ።

ቢቸና ተማሪ ነበርሁ። የአማርኛ መምህራችን መምህር ክፍሌ ከደሴ የመጡ፣ በፀሐይም በዝናብም ያንኑ ቡኒ ኮት የሚለብሱ፣ ሳቅን እንደ ሒሳብ የሚያስተምሩ ሰው ነበሩ። «ኮሜዲ ስቀህ የምትረሳው ነገር አይደለም» ይሉን ነበር። «ማን ሳቀ? በማን ሳቀ? ለምን እዚያ ቦታ ላይ ሳቀ? ይህን ካልመለስህ አላነበብህም።»

በዚያ ዓመት ሞጣ የሚያስተምር ጓደኛቸው ወደ አማርኛ የመለሰውን አንድ የቆየ የውጭ አገር ኮሜዲ፣ በታይፕ እንደ ተመታ፣ ለአምስት ቀን ብቻ አዋሳቸው። ተውኔቱ አምስት ገቢር ስለነበረው አምስት ተማሪዎች ተመረጥንና አንድ አንድ ገቢር በእጃችን እንድንገለብጥ ታዘዝን። መምህር ክፍሌ ራሳቸው ገና አላነበቡትም። «መጀመሪያ ይገልበጥ፤ ንባቡ ይደርሳል» አሉ። ለእኔ የደረሰኝ የመጨረሻው ነበር።

ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ ባለጸጋ ሽማግሌ ቤተሰቡ ስለ እሱ የሚያወራውን ለመስማት ሲል ጆሮው የደነቆረ መስሎ ይኖራል። ሚስቱ፣ ልጁና ገረዲቱ ፊቱ ቆመው ያሙታል፤ እሱ እየሰማ ፈገግ ይላል።

አሁን ወደ ኃጢአቴ ልምጣ። ያን ጊዜ ግጥምን ያለ አስተማሪ በራሴ ተምሬ፣ ቤት መምታት ስለቻልሁ ብቻ ዓለም ሁሉ የምትጠብቀኝ ይመስለኝ ነበር። አምስተኛውን ገቢር አነበብሁት። አጭር ነው። ግጥም የለበትም። ማንም አይቀጣበትም። «እንዲህም ተብሎ ይጨረሳል?» አልሁ። ከዚያስ ምን አደረግሁ? ገለበጥሁ? አልገለበጥሁም። ጻፍሁ። የራሴን ጻፍሁ። ሽማግሌው ተንበርክኮ ሲያለቅስ፣ ገረዲቱ በሃያ አራት ስንኝ ስትገሥጸው አድርጌ ጻፍሁ። እውነተኛው ገቢር ከሌሎቹ ጋር ታስሮ በጭነት መኪና ወደ ሞጣ ተመለሰ። የእኔው ከአራቱ ግልባጮች ጋር ተሰፍቶ ቢቸና ቀረ።

ቀልድ ነበር ብል ዋሸሁ። ሰዎች የታላቅ ደራሲ ሥራ መስሏቸው የእኔን ስንኝ ሲያደንቁ መስማት ነው የፈለግሁት። ተውኔቱ በክፍል ሲነበብ ቆይቶ መጨረሻው ላይ ሲደርስ፣ መምህር ክፍሌ ሃያ አራቱን ስንኝ ቆመው አነበቡት፤ ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔ በኩራት ተነፋሁ። ኮሜዲ ሲያልቅ ሰው ጸጥ ካለ ምን ማለት እንደሆነ ያን ጊዜ አልገባኝም።

የገባት እናትነሽ ነበረች። እናትነሽ ሁለተኛውን ገቢር የገለበጠች፣ ከፊት ረድፍ የምትቀመጥ፣ ስትናገር የእርሳሷን ጫፍ ዴስኩ ላይ የምትተክል ልጅ ናት። እጇን አነሣች።

«መምህር፣ ይህ የመጨረሻው የዚያ ሰውዬ አይደለም።»

«የየትኛው ሰውዬ?»

«አራቱን የጻፈው። በአራቱ ገቢር አንድም ሰው አይሰብክም፤ በአምስተኛው ሁሉም ሰባኪ ሆኖ ቁጭ አለ። ገረዲቱስ ብትሆን? ከአምስት ቃል በላይ ተናግራ የማታውቅ ሴት ሃያ አራት ስንኝ ከየት አመጣች? እኔ እንደሚመስለኝ ቤተሰቡ ሽማግሌው እንደሚሰማ ከመጀመሪያውም ያውቃል። እንዲሰማ ነው የሚያሙት። መጨረሻው ይኸ መሆን ነበረበት።»

ክፍሉ አሁን ሳቀ። ከኋላ አንዱ «እስቲ አንቺ ጻፊልን፣ እመቤት!» አላት። እኔ ግን አልሳቅሁም። እውነተኛውን መጨረሻ በዓይኔ አንብቤዋለሁና። ገረዲቱ ከሽማግሌው ጀርባ ቆማ በሹክሹክታ «ጌታዬ፣ በቅሎዎ ተፈታ» ትላለች፤ ሽማግሌው ዘሎ ይነሣል፤ ቤተሰቡ በሳቅ ይፈርሳል። ለካ ሁሉም ያውቁ ኖሯል! ያላነበበችውን መጨረሻ፣ ያቺ ልጅ ከአራቱ ገቢር ብቻ ተነሥታ አገኘችው።

መምህር ክፍሌ ተቆጡ። በስንት አገር የተመሰገነን ሥራ አንዲት ተማሪ ስትነቅፈው ድፍረት ሆኖ ታያቸው። «ወይ ማስረጃ አምጪ፣ ወይ ክፍሉን ይቅርታ ጠይቂ» አሏት። ማስረጃው ከእሷ ሁለት ወንበር ወደ ኋላ ተቀምጧል። እናትነሽ ዞር ብላ አየችኝ። አየችኝና ጠበቀች። ስሜን አልጠራችም። እኔ ዝም አልሁ።

ለምን ዝም አልሁ? ፈርቼ? አዎ፣ ፈርቻለሁ። ነገር ግን ከፍርሃቱ የሚከፋው ሌላው ነው። ስንኞቼን ስለነቀፈች ተቀይሜያት ነበር። እውነቷን እንደሆነ እያወቅሁ ተቀየምኋት፤ ስትዋረድም ደስ አለኝ። ይህን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ አራት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ይቅርታ አልጠየቀችም። በዚያ ዓመት መምህር ክፍሌ ለመምህራን ማሠልጠኛ አንድ ተማሪ ብቻ ያቀርባሉ፤ እሷ እንደምትሆን የማያውቅ አልነበረም። እኔ ሆንሁ። ሄድሁና በዓመቱ ሰለቸኝ ብዬ ጥዬ ወጣሁ። የነጠቅኋትን እንኳ በወጉ አልያዝሁትም።

ከዚያ ወዲያ ከከተማ ከተማ ስዞር ኖርሁ። ባለፈው ወር ሞጣ ሳለሁ እጄ ላይ እባጭ ወጥቶብኝ ጤና ጣቢያ ሄድሁ። በመስኮቱ ካርድ የምትጽፈው እናትነሽ ነበረች። ቀና ሳትል «ስም?» አለችኝ፤ ነገርኋት። «ዕድሜ?» ነገርኋት። «ሥራ?»

«ገጣሚ።»

«እሱንማ አንብቤዋለሁ» አለችና ቀና አለች።

ከኋላዬ የተሰለፉት ያጉረመርማሉ። እዚያው፣ እጄ እየጠዘጠዘኝ፣ «እናትነሽ፣ ያን ገቢር የጻፍሁት እኔ ነኝ» አልኋት።

«አውቃለሁ። ሞጣ እንደ መጣሁ ዋናውን ከተርጓሚው ተውሼ አይቼዋለሁ። ያኔም ቢሆን አውቄሃለሁ። ለወላጆች በዓል ባነበብኸው ግጥምም ሰውን ሁሉ አንበርክከህ ነው የጨረስኸው።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«ተናገርሁ እንጂ። እንዳልሰማ የሆንኸው አንተ ነህ።»

ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት በእጇ አስቆመችኝ። «መጀመሪያ እባጭህን ታከም። ከዚያ ቢቸና ሂድ። እዚያ ያሉ ልጆች ዛሬም የአንተን ስብከት ነው የሚያጠኑት።» በማግሥቱ ዋናውን አምስተኛ ገቢር በራሷ እጅ ገልብጣ ሰጠችኝ። አንድም ቃል አልለወጠችም።

በጭነት መኪና ቢቸና ገባሁ። መምህር ክፍሌ በዚያው ኮት፣ እንደ ድሮው በጃንሆይ ሥዕል ሥር ቆመው ያስተምራሉ። በተማሪዎቹ ፊት ሁሉንም ነገርኋቸው፤ የእኔን ድርጊትና የእናትነሽን ስም። ጠመኔውን አስቀመጡ። «አንተ ዋሸህ፤ እኔ ደግሞ ሳላነብ ፈረድሁ» አሉ። «በል አንብብላቸው።»

አነበብሁ። በቅሎው ላይ ስደርስ ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። አንዷ ልጅ ዴስኳን ትደበድባለች። በእኔ ገቢር አንድም ሰው ስቆ አያውቅም። ደረቴ ላይ አራት ዓመት የተቀመጠው ነገር ተነሥቶ ሲሄድ ተሰማኝ፤ እኔም ሳቅሁ። ማን ሳቀ? እኔ። በማን? በእኔው። ለምን እዚያ ቦታ ላይ? ሁሉም የሚያውቀውን ብቻዬን ስደብቅ መኖሬን ያየሁት እዚያ ቦታ ላይ ስለሆነ።

መምህር ክፍሌ ለእናትነሽ የይቅርታና የድጋፍ ደብዳቤ ጻፉ፤ ሞጣ ወስጄ ሰጠኋት። አንብባ መሳቢያ ውስጥ ከተተችውና «አስብበታለሁ» አለች። ይቅር ብዬሃለሁ አላለችም። እኔም እንድትለኝ አልጠይቃትም፤ የሄደባትን አራት ዓመት የምመልስበት መንገድ የለኝም። እኔ ቀሎኛል። እሷ መካሷን ግን አላውቅም፤ ሁለቱን አንድ አድርጌ ራሴን አላታልልም።

መምህር ክፍሌ የእኔን ገቢር ከደብተሩ አልገነጠሉትም። «ለንጽጽር ይጠቅማል» አሉ። ከእንግዲህ የቢቸና ተማሪዎች ለምን እንደማያስቅ በየዓመቱ ይተነትናሉ። ይተንትኑ። ከክፍሉ ሳልወጣ ብዕር ለምኜ ከርእሱ ሥር ስሜን ጽፌበታለሁ።