ወፎቹ የሚያውቁት ጃኬት

ባለፈው ቅዳሜ ኦስሎ፣ ትሮስተሩድ ሰፈር ባለው ቤታችን ቁም ሣጥን ስናጸዳ ልጄ አንድ ግራጫ ጃኬት ጎትታ አወጣች። «ማሚ፣ ይሄ ዓሣ ዓሣ ይሸታል፤ ይጣል?» አለችኝ። «ኔይ፣ አይጣልም» ብዬ ከእጇ ነጠቅኋት። ከስንት ዓመት በኋላም ሽታው አለቀቀም።

ጃኬቱ እጄ ሲገባ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ እዚሁ ኦስሎ አረጋውያን መጦሪያ እሠራ ነበር። ባልደረባዬ ቱሪድ በግንቦት መጨረሻ ሩቅ ሰሜን ካሉት ትንንሽ ደሴቶች ወደ አንዷ፣ እናቷ ዘንድ ወሰደችኝ። እናቷ ማርጊት ሰማንያ ያለፋቸው፣ ንግግር የማያበዙ ሴት ነበሩ። በደረቅ ዓሣና በትኩስ ድንች ተቀበሉኝ።

የዚያ አገር ሰው ለባሕር ዳክዬ ትንሽ የእንጨት ቤት ሠርቶ የደረቀ የባሕር አረም ያነጥፍላታል። እሷም የደረቷን ላባ እየነጨች ጎጆዋን ታለብሳለች። ጫጩቶቿን ይዛ ስትሄድ ላባው ለባለቤቱ ይቀራል፤ ብርድ ልብስ ይሆናል። ሰውም በበኩሉ ወፎቹ እንዳይደነግጡ አይጮህም፤ ልብስ እንኳ አይቀይርም። ድሮ በማርጊት ግቢ ሙሉ ዳክዬዎች እንቁላል ይታቀፉ ነበር አሉ። በዚያ ዓመት የመጡት ሦስት ብቻ ናቸው።

ማርጊት አሮጌ ጃኬታቸውን አለበሱኝ። «ይህን ያውቁታል። ቀስ ብለሽ ተራመጂ» አሉኝ።

እሑድ ማለዳ ለጸሎት ወጣሁ። እግዚአብሔር ፊት ዓሣ በሚሸት ጃኬት መቆም ነውር መሰለኝና አውልቄ ነጠላዬን ለበስኩ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ጸሎት በሹክሹክታ አይደለም። ከጎጆዎቹ የራቅኩ መስሎኝ እጄን ዘርግቼ፣ ድምፄን ለቅቄ ጸለይኩ። የምጸልየው ለማርጊት ነበር፤ ወፎቻቸው እንዲበዙላቸው። ዓይኔን ስገልጥ ሦስቱም ወደ ባሕሩ እየበረሩ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ ከእኔ አፍ የወጣው ጸሎት ነበር።

ማርጊት እስኪደርሱ ቁራዎች እንቁላሎቹን ሰባብረው ጨርሰዋል። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ይመለሳሉ?» አልኳቸው።

«ኔይ። ወደ ደነገጡበት ቤት አይመለሱም።»

ስንሰናበት ጃኬቱን ብዘረጋላቸው እጄን መልሰው ገፉት። «ውሰጂው፤ የሚያውቀው ወፍ እዚህ የለም» አሉኝ።

ከሁለት ዓመት በኋላ አረፉ። እስከ መጨረሻው በየጸደዩ ጎጆዎቹን እየጠረጉ አረም ያነጥፉ እንደነበር ቱሪድ ነገረችኝ። አንድም ወፍ አልመጣም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው።

ጃኬቱን መልሼ ሰቀልኩት። በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ሁሉም ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲጸልይ እኔ እንደ ልማዴ ከንፈሬን ብቻ አንቀሳቀስኩ። እኅቶች «እምነቷ ቀዝቅዟል» ይሉኛል። እኔም አላስረዳቸውም።