አንገት ላይ የበቀለ ማንጎ

ዝናብ ያረገፈው ማንጎ መሬት ላይ ሰንብቶ ሲፈላ የሚያወጣው ሽታ አለ፤ ጣፋጭ፣ ኮምጠጥ ያለ፣ ጠላ ጠላ የሚል። ዛሬም አዲስ አበባ በአንድ ፍራፍሬ መሸጫ በር ሳልፍ ያ ሽታ ካገኘኝ እግሬ ቆም ይልና አሶሳ፣ ኩሽናችን ውስጥ፣ ከሰል በጣቶቼ ይዤ እገኛለሁ። ሰዎች የምስላቸውን ፍጡሮች፣ ሆዱ ላይ ጥርስ ያበቀለውን፣ ከጉልበቱ ጣት የወጣለትን ሲያዩ «ኧረ በስመ አብ! ይህን ማን አስተማረሽ?» ይሉኛል። የእናቴ አንገት ነው ያስተማረኝ።

በግንቦት አሶሳ ውስጥ ማንጎ የሚገዛ ሰው ሞኝ ይባል ነበር። እኔም ከጎረቤታችን ከእትዬ ሐዋ ዛፍ ሥር የወደቀውን በቀሚሴ አቅፌ እያመጣሁ ለእማዬ እሰጣት ነበር። አንድ ቀን ያመጣሁላትን እየመጠጠች ሳለ አባዬ ቀልድ ቢያወራ ሳቋ መጥቶ ትን አላትና፣ ዓይኗ እስኪቀላ አስላ፣ ጀርባዋን ተመትታ በስንት መከራ ተነፈሰች። ከዚያ ጥቂት ሰንብቶ አንገቷ ላይ እብጠት አየሁ። ለካ የቆየ እንቅርት ኖሯል፤ በሻሽ እየሸፈነችው አላየሁትም እንጂ። እኔ ግን ምን ላውቅ? የሰፈር ልጆች «ፍሬ የዋጠ ሰው ዛፍ ይበቅልበታል» ይሉ ስለነበር፣ የማንጎው ፍሬ አንገቷ ላይ ቀርቶ በቅሏል፣ ያመጣሁትም እኔ ነኝ ብዬ ደመደምኩ። ለማንም አልተነፈስኩም።

ክረምት ገባ። የቤታችን የቀርከሃ ግድግዳ በጭቃ የተመረገ ስለነበር ዝናብና ጭስ ሲያበላሹት ከርመው እማዬ ለእንቁጣጣሽ እንደገና ትመርገው ነበር፤ እስከዚያ ድረስ የኩሽናው ግድግዳ የእኔ ነው፣ በከሰል የፈለግኩትን ብስልበት የሚቆጣኝ የለም። መጀመሪያ ዶሮ ሳልኩ፣ ቀጥዬ የሰው ጆሮ ሰጠኋት፣ ለፍየሏም በሰኮናዋ ፈንታ ጣት አወጣሁላት። ጥርስ አፍ ውስጥ ሲሆን ማን ይፈራዋል? አንገት ላይ ሲበቅል ግን የገዛ ሥዕሌ እያስሮጠኝ ከኩሽና እወጣ ነበር። እየደፈርኩ ስመጣ ሴት ሳልኩ፤ ሻሽ ያሰረች፣ ከጉሮሮዋ የዛፍ ሥር ወጥቶ ደረቷ ላይ የተጠመጠመባት፣ በጆሮዎቿ ቅርንጫፍ የበቀለባት፣ ጣቶቿ ቅጠል የሆኑ። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ዛፉ ያደገ እየመሰለኝ አንድ ቅጠል እጨምርባት ነበር።

አባዬ የቀርከሃ አልጋ እየሠራ የሚሸጥ ረጋ ያለ ሰው ነበር። «ሐኪም ይየው» ሲላት «አንተ ሰውዬ፣ አንገቴን ለቢላዋ አልሰጥም! ከነእንቅርቴ ልሙት» ትለው ነበር። አንድ ጊዜ ጣሪያው አፍስሶ ዱቄቱን ቢያበላሽ፣ አምልጦት «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» አለና ሳምንት ሙሉ አኮረፈችው፤ ተረቱም ከቤታችን ተባረረ። እትዬ ሐዋ በበኩሏ፣ ወንድና ሴት በማይለይ ጣፋጭ አማርኛዋ፣ «ወላሂ፣ አንተ ሐኪም ሂድ! የኔ እህት ሄደ፣ ቆረጠ፣ ዳነ። ኸላስ!» እያለች ትወተውታት ነበር። እማዬ ለሁለቱም ጆሮ ዳባ ልበስ አለች።

ጳጉሜ ላይ እማዬ ጭቃውን በባልዲ ይዛ ኩሽና ስትገባ ያችን ሴት አየች። እጇ በጭቃ እንደተነከረ ቆመች።

«ይቺ ማናት?»

«አንቺ ነሽ» አልኩና እንባዬ ቀደመኝ፤ ማንጎውንም ፍሬውንም ሁሉንም ዘረገፍኩት።

እማዬ እየሳቀች ዱካ ላይ ቁጭ አለች። «አንቺ የኔ ጉድ! ያን የሚያህል ፍሬ በየት በኩል ይዋጣል? ይሄ እኮ አንቺ ሳትወለጂ የነበረ ነው!» እፎይ! ያን ስሰማ እንዴት እንደቀለለኝ! ሳቋ ግን ቶሎ ቆመ። ተነሥታ የሥዕሏን ጉሮሮ በጭቃማ ጣቷ ነካችና፣ ለአባዬ እንኳ ነግራው የማታውቀውን፣ «እዚህ ጋ ነው ስተኛ የሚያንቀኝ» አለች።

«ይነቀል፣ እማዬ።»

ወደ እኔ ዞረች። «ክረምቱን ሁሉ ይህን ይዘሽ ነው የከረምሽው?» አለችና፣ ግድግዳውን በሙሉ መርጋ ያችን ሴት ብቻ ሳትነካት ተወች። «ይቺን ድኜ ስመለስ እመርጋታለሁ» አለችኝ።

በመስከረም አባዬ ሩቅ ወዳለ ሆስፒታል ይዟት ሄደ፣ እኔም እትዬ ሐዋ ቤት ቀረሁ። በየቀኑ እየሄድኩ ሥዕሉን አየው ነበር። እትዬ ሐዋ የተረፈችውን ቦታ ልጨርስላት ብላ ጭቃ ይዛ ብትመጣ፣ ግድግዳው ፊት እጆቼን ዘርግቼ እየጮህኩ ቆምኩ። ያ ቦታ በሌላ ሰው እጅ ከተመረገ እማዬ የማትመለስ መስሎኝ ነበር። እትዬ ሐዋ ጭቃውን መሬት አስቀምጣ አቀፈችኝ።

ጥቅምት ላይ፣ ፀሐይ በወጣበት ቀን፣ አንገቷ በነጭ ፋሻ የታሰረ እናቴ ከባጃጅ ወረደች። አባዬ መንገድ ላይ ጥርሱን አሞት ጉንጩ አብጦ ነበር። እማዬ ቀና ብላ አየችውና በሻከረ ድምፅ፣ «እንቅርቱ እኔን ሲለቅ ጆሮ ደግፉ ላንተ ቀረ!» አለችው። የተባረረው ተረት በእሷው አፍ ቤታችን ተመለሰ፣ እኛም እያለቀስን ሳቅን። ፋሻው ከተፈታ በኋላ ጭቃ አቦካችና ኩሽና ጠራችኝ፤ «ደህና አርገሽ እያት፣ መሄዷ ነው» ብላ መዳፏን ከግራ ወደ ቀኝ ሳበችው። ያን ሌሊት ሳልባንን ተኛሁ።

ዛሬ እናቴ አንገቷን አትሸፍንም፤ ክር የምታህለው ጠባሳ ላይ ጨሌ ታስራለች። የጭቃው ኩሽና ፈርሶ በብሎኬት ተሠርቷል፣ የእኔም ፍጡሮች ከግድግዳ ወጥተው ታብሌት ውስጥ ገብተዋል፤ የሚያጥባቸው ዝናብ፣ የሚሸፍናቸው ጭቃ የለም። በማንጎ ወቅት አሶሳ ስሄድ ላሳያት እቀመጣለሁ። ሰው ሁሉ ፊቱን ሲያዞር እሷ መነጽሯን ታደርግና «ይሄስ ምኑን ነው የሚያመው?» ትለኛለች፤ እነግራታለሁ። ከዚያ ደረቅ መዳፏን መስታወቱ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ታሳልፍና «በቃ፣ ተመርጓል» ትላለች። ፍጡሩ እዚያው እንዳለ ነው፤ እኔ ግን ተኝቼ አድራለሁ።